«አዲሷ አንቺ ነሽ»

በዚህ ዕድሜዬም ጆሮዬ እንደ ወጣት ነው፤ የታክሲ ወሬ አምልጦኝ አያውቅም። ከመገናኛ ወደ አያት ስንሄድ ከፊቴ ጥቁር የለበሰች ሴትና አንድ ዳቦ ጋጋሪ ስለ መብራት ያወራሉ።

«ለምድጃዬ ከፍ ያለ ኃይል ስጠይቅ ልጄ አላገባችም ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አሁን የልጅ ልጄ ዳቦ ይሸጥልኛል።»

«ለእኛስ ደርሶን ነበር። ለሚ ኩራ ወፍጮ ቤት አለን። ባለቤቴ ስንት ዘመን ጠብቆ የመብራት ውሉን በፈረመ በሳምንቱ ዐረፈ።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ውሉ ካለ መስመሩን አይቀጥሉልሽም?»

«ውሉ በእሱ ስም ነው፤ እሱ ከሌለ ውሉም የለም አሉኝ። ለእሱ የተመደበው ኃይል ለተረኛ ይሰጣል። እኔ እንደ አዲስ አመልክቼ ከወረፋው መጨረሻ እቆማለሁ።»

«እንዴት ሆነሽ ነው አዲስ የምትሆኚው?»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ቤቱ ያው፣ ወፍጮው ያው፣ ሞተሩም እሱ የገዛው ነው፤ አዲሱ የቱ ነው አልኩት ሠራተኛውን።»

«ምን አለሽ?»

«‹አዲሷ አንቺ ነሽ› አለኝ።»

«አይዞሽ እህቴ።»

«ሞተሩ አንድ ቀን እንኳ ሲዞር ሳይሰማ ሄደ። እኔ ልሰማለት ነበር።»

«ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

ኤሌክትሪክን ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ የተማርኩ፣ በክርክር ተረትቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ መውረጃዬ ጉርድ ሾላ ነበር፣ ለዚያ ሠራተኛ የሚሆን መልስ ስፈልግ እስከ አያት አብሬያቸው ሄድኩ።