ሁለት በኩር በአንድ ቤት

አንጋፋው ካፒቴን ልብስ ሰፊው ቤት ሲገባ አንዲት ወጣት የእሱን ኮት ለብሳ መስታወት ፊት ቆማ አገኛት። አራቱ የካፒቴን መስመሮች እጅጌው ላይ ያብለጨልጫሉ፤ እጆቿ ግን ከነጣቶቻቸው ውስጡ ጠፍተዋል። ልብስ ሰፊው ኮት አለዋውጦ ሰጥቷት ኖሯል።

"ይቅርታ ጋሼ፣ የእርስዎ ነው መሰለኝ" አለችና እየሳቀች በሁለት እጇ አቀበለችው። "የኔ ባለ ሦስት መስመር ነው፤ ረዳት አብራሪ ነኝ።"

"ትንሽ ሰፋብሽ እንጂ ያምርብሻል!"

የሁለት አየር መንገዶች ልጆች ነበሩ። ድርጅቶቹ ተዋህደው አንድ ስለሆኑ ሁሉም አዲስ የደንብ ልብስ ያሰፋል። ልብሱስ ቀላል ነው፤ ከባዱ የተራው ነገር ነው። በዚህ ሙያ ማን ካፒቴን እንደሚሆን፣ ማን ትልቁን አውሮፕላን እንደሚይዝ የሚወስነው ተራ ነው። ሁለቱ ተራዎች እንዴት አንድ ይሁኑ? ነገ ስብሰባ አለ፤ የካፒቴኑ ባልደረቦች ደግሞ እሱ ካለው አይወጡም።

"ነገሩ ግልጽ ነው" አለ ካፒቴኑ ወንበር እየሳበ። "ቀድሞ የተቀጠረ ይቅደም። አለቀ።"

የወጣቷ ሳቅ ቀዘቀዘ። "እንዲያ ከሆነ እኔ አለቀልኝ ጋሼ። የኛ ድርጅት ወጣት ነው፤ ቶሎ አደገ። የሚቀጥለው የካፒቴን ወንበር የኔ ነበር። በቅጥር ዘመን ከተቆጠረ ግን የእናንተ ረዳቶች ሁሉ ይቀድሙኛል፤ ወንበሩን የማየው ፀጉሬ ሸብቶ ነው።"

"የኛዎቹስ ሃያ ዓመት ጠበቁ እኮ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"መሄዱንስ ይሄዳል። ግን የኔው እንቁላል እግር ሊያወጣ ሲል ነው የሚነጠቀው። ለእናንተ ረዳቶች ትናንት በቤታቸው ክፍት ወንበር አልነበረም፤ ወንበሩ ከኛ ቤት ነው የመጣው።"

ካፒቴኑ ወሬ ለወጠ፤ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሮ "የልጄ የሰርግ ሱፍስ ደረሰ?" አለ።

"የበኩር ልጅዎን ነው የሚድሩት?" አለች ወጣቷ በትህትና።

"አንዱን በኩሬን!" የካፒቴኑ ፊት በራ። "ሁለት ናቸው። ሚስቴ አርፋ ከነልጆቼ ቀረሁ፤ ኋላ እንደኔው ከነልጆቿ የቀረች መልካም ሴት አገባሁ። ትልቁ ልጇ በእናቱ ቤት በኩር ነበር፤ በዕድሜ ግን የኔዎቹ ሁሉ ይበልጡታል። በዕድሜ ላሰልፋቸው ብል ልጁ አኩርፎ ቤቱን አቀዘቀዘው። ኋላ፣ በኩርማ በኩር ነው አልኩ! ሁለቱ በኩሮች ጎን ለጎን፣ መሃለኞቹ ጎን ለጎን፣ ታናናሾቹም እንዲሁ። ማንም ከነበረበት አልወረደ። ዛሬ የአንድ እናት ልጆች ነው የሚመስሉሽ።"

"ታዲያ ጋሼ፣ እኛንስ ምነው በዕድሜ አሰለፉን?"

ልብስ ሰፊው ሳቁን ማፈን አቃተው። ካፒቴኑ ጉልበቱን መታ። "አፌ አጠመደኝ!"

ሆኖም ልቡ ገና አልተረጋጋም። "የኔ ልጅ፣ የኔዎቹ ረዳቶች አይጎዱም?"

"መሃል የነበረ መሃል፣ ከላይ የነበረ ከላይ ይሆናል። አዲስ በረራ በተከፈተ ቁጥር እነሱም እኛም እኩል ወደፊት እንሄዳለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ያኮረፈ ረዳት ከጎንዎ ተቀምጦ ስህተትዎን ቢያይ ይነግርዎታል?"

እዚህ ላይ ካፒቴኑ ተረታ። መረታቱም ደስ አለው፤ ለልጆቹ የሠራውን ፍርድ ለሌላ ሰው ልጆች መንፈጉ አሳፍሮት ነበርና።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ተነሥቶ የሁለቱን በኩሮች ነገር አወራ። ያጉረመረመ አልጠፋም፤ ግን ተራው እንደዚያው ተደለደለ። ጠብም ክስም ሳይኖር ሥራው ሰፋ፣ አዳዲስ በረራዎች ተከፈቱ፤ ሃያ ዓመት የጠበቁት ረዳቶች እንኳ ወንበር ማግኘት ጀመሩ። በጉልበት የተገኘ ቅድሚያ ይህን ሁሉ ባላመጣ ነበር።

ከወራት በኋላ ካፒቴኑ ቁልፍ ሊያስተክል ልብስ ሰፊው ቤት ጎራ ሲል ወጣቷ እዚያው መስታወት ፊት ቆማለች። እጅጌዋ ላይ አራት መስመር አለ፤ ጣቶቿም በሙሉ ይታያሉ።

"ዛሬስ ሰፋሽ?" አላት።

"ኧረ ልኬ ነው ጋሼ" አለችና አቅፋ ሳመችው።