የቅቅል ድንች ስዕለት

ከካዛንቺስ ቄራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሳምቡሳዬን እየበላሁ ነው። ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ያወራሉ።

«ምሳ በላሽ?»

«ቢሮማ ጾመኛ ነኝ።»

«ዛሬ ማክሰኞ እኮ ነው!»

«ጨጓራዬ ነዋ! ምሳ አንድ ላይ ነው የምንበላው፣ በቃ ሁሉም ቀይ ወጥ። ያመኛል ስላቸው ጉርሻ ይዘው ይመጣሉ። ስዕለት አለብኝ ስላቸው ተዉኝ።»

«ታዲያ በረሃብ ልትሞቺ ነው?»

«ሽንት ቤት ገብቼ ቅቅል ድንች እበላለሁ።»

«አንቺ!»

«ምን ላድርግ? ሐኪሙ ሆድሽን ባዶ እንዳታደርጊ ብሎኛል።»

«እና ተመቸሽ በይኛ!»

«ዛሬ አለቃዬ ጠራችኝ። ልጇ ሆስፒታል ተኝቷል። ‹በጾም አፍሽ ጸልዪልኝ› ብላ አለቀሰች።»

«ምን አልሻት?»

«እሺ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ድንቹ ይኸው፣ ሳልነካው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

አፌ ውስጥ የነበረውን ሳምቡሳ ድምፅ ሳላሰማ ዋጥኩት።