እትዬ ዘነቡ የተሳለሙት ሥዕል
ጎረቤታችን ካርመን የፖርቶ ሪኮ ሰው ናት፤ ሠዓሊ። የአገሯን ባሕርና ስፔኖች ዳርቻው ላይ የሠሩትን የድንጋይ ቤት ሁሉ ሥላ፣ እዚሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ኤግዚቢሽን ከፈተችና እትዬ ዘነቡን ይዤ ከአሌክሳንድሪያ ሄድኩላችሁ። እሳቸው ጉልላት ያለው ሥዕል ሲያዩ ጫማቸውን አውልቀው ተሳለሙት! ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«እትዬ፣ የስፔን ከሆነ እኮ የካቶሊክ ነው» አልኳቸው፤ አፌ መች ያርፋል።

«ውይ ጉዴ! በጾም ምድር! ለንስሐ አባቴ ምን ልላቸው ነው? ሂጂ ጠይቂልኝ!»

ሮጬ ጠየቅኳት። ካርመን በሳቅ ፈረሰች፤ ለካ ቤተ ክርስቲያንም አይደል፣ ስፔኖች የሠሩት እስር ቤት ነው። እየፈራሁ ነገርኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ተመስገን! እስረኛ መጠየቅማ ጽድቅ ነው» ብለው ደግመው ሳሙት።