የእናታቸውን ዓይን ሁለቴ ፎቶ ያነሱት ስታማቲያ

ቤተ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ከሐኪም ቤቱም የመጣችሁ ሁሉ፣ የአክስታችንን የዶክተር ስታማቲያን ታሪክ ሳንነግራችሁ ወደ መቃብር አንሸኛቸውም። እሳቸው ለቅሶ የሚያረዝም ሰው አይወዱም ነበርና እንባችሁን ቆጠብ አድርጉ።

ስታማቲያ ከአባታቸው ከአቶ ፓንቴሊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዛምቤታ እዚሁ ሜልቦርን፣ ኦክሌይ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከግሪክ፣ ከሌምኖስ ደሴት በመርከብ መጥተው ዓሣ እየጠበሱ ሲሸጡ፣ እናታቸው ደግሞ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ቀሚስ ይሰፉ ነበር። የወይዘሮ ዛምቤታ ዓይን በየጊዜው እየተቆጣ፣ እየቀላ ስለሚያስቸግራቸው፣ መርፌው ላይ ክር የምታስገባላቸው ልጃቸው ስታማቲያ ነበረች። አንደኛው ዓይናቸው በመጨረሻ ጠፋ። ያን ቀን ልጅቷ "ሁለተኛዋን አላስነካም!" ብላ ማለች፤ ትልቅ ሰው ሆነውም መሐላቸውን አልረሱም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በግሪክኛ ትምህርት ቤት በወሬያቸው ብዛት ከክፍል እየተባረሩም ቢሆን ተምረው የዓይን ሐኪም ሆኑ። ሥራቸውም ከዓይን ፊት እንደ መስታወት ያለችውን ስስ ሽፋን፣ ሌንሱ ዓይን በሚነካ መሣሪያ ፎቶ ማንሳት ነበር። ባቡር ነጂው ሌስ ለአንድ ጥናት ዓይናቸውን ሊያስነሱ መጥተው እንደ ሐውልት ቢቀመጡላቸው፣ ስታማቲያ ለእናታቸው "ማማ፣ የማይቁነጠነጥ ወንድ አገኘሁ፤ ሳያመልጠኝ ላግባው" አሉ፤ አገቡም። ልጃቸውን ዜታን ወለዱ።

ታዲያ አንድ ጊዜ የቀረችው የእናታቸው ዓይን ቅላቷ ጠፋ፣ ሕመሙም ተወ። የክፍሉ አለቃ "ድነዋል፣ የሚጨመርላቸው የዓይን ጠብታ ይቁም" አሉ። ስታማቲያ ግን ባነሱት ፎቶ ላይ ክንዳቸውን የዘረጉ ብሩህ ነገሮች ያያሉ። እነዚህ ዓይንን የሚጠብቁ ሕዋሳት ናቸው፤ ዘበኛ በሏቸው። ጠላት ሳይኖር ክንዳቸውን ዘርግተው ሲቆጡ ግን የሚጠብቁትን ቤት ራሱን ያቃጥሉታል። አለቃው አልተቀበሉም።

"የድሮ ጠባሳ ነው፤ እናትሽ ስለሆኑ ነው የምትደነግጪው" አሏቸው።

ጠብታው ያለጊዜው ቢቆምና ሕመሙ ቢያገረሽ፣ ወይዘሮ ዛምቤታ ጨለማ ውስጥ መግባታቸው ነበር።

ስታማቲያ እናታቸውን እንደገና መሣሪያው ላይ አስቀመጡ። "ማማ፣ አገጭሽን እዚህ አድርጊ። አትነቃነቂ፣ አታውሪ!"

"አንቺን ወልጄ ነው አታውሪ የምባለው?" አሉ እሳቸውም።

የመጀመሪያው ፎቶ እንዳለቀ ሌንሱን ከዓይናቸው ፈቀቅ አድርገው ስክሪኑን ቢያሳዩአቸው፣ ወይዘሮ ዛምቤታ "ይሄ ሁሉ ኮከብ የኔ ዓይን ውስጥ ነው? እንዴት ያምራል!" አሉ። እኛ ግሪኮች ዘንድ ደግሞ ያማረ ነገር አድንቆ ዝም አይባልም፤ ካልተተፋበት ዓይን ይበላዋል። ስለዚህ "ፍቱ! ፍቱ! ፍቱ!" ብለው ተፉበት፤ ሌንሱ ላይ!

"ማማ! መሣሪያዬ ላይ?"

"ታዲያ አመስግኜ ዝም ልበል? ቡዳ ይብላው?"

የሌንሱ ሽፋን እስኪቀየር፣ ማደንዘዣው ጠብታ እንደገና እስኪሠራ ብዙ ተጠበቀ። ከዚያ ስታማቲያ እንደ መንገድ የተዘረጉትን የዓይን ነርቮች ተከትለው ያችኑ ቦታ አገኙና ለማነጻጸር ዳግመኛ አነሷት። ሁለቱን ፎቶዎች ቢደራርቧቸው፣ ከክንደ ረጅሞቹ ሕዋሳት አንዷ ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው ሄዳለች። ሮጠው አለቃቸው ቢሮ ገቡ።

"ጠባሳ በእግሩ ይሄዳል እንዴ?" አሏቸው።

አለቃው ፎቶዎቹን እያቀያየሩ ቆይተው፣ "ጠብታው ይቀጥል፤ እናትሽን ግን ከመሣሪያው አርቂልኝ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል የተቆጣ ዓይን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ በመካከሉ ያለው ጥበቃ "የዛምቤታ ዕረፍት" ይባላል። ወይዘሮ ዛምቤታም የዜታን የሙሽራ ቀሚስ ክሩን ራሳቸው አስገብተው ሰፉላት። ያን ቀን ስታማቲያ ከሙሽራዋ ይልቅ መርፌውን እያዩ ሲያለቅሱ ዋሉ፤ እናታቸውም እስኪያርፉ ድረስ ያች ዓይን አልጠፋችም።

ስታማቲያ ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ የልባቸውን ፎቶ ቢያሳያቸው "ጥሩ አንስተሃል፣ ግን አንዴ ድገመው" አሉት። ባለፈው እሑድ ጠዋት የሌስን እጅ እንደያዙ፣ በወሬ መሐል አረፉ።

ባለቤታቸው ሌስ፣ ልጃቸው ዜታ፣ እህታቸው አንድሮማኪ፣ ይህን የጻፈችው የወንድማቸው ልጅ ፎቲኒ፣ እንዲሁም ዛሬ በሁለት ዓይናችሁ የምታዩን ታካሚዎቻቸው ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዓይን በማይቆጣበት ብርሃን፣ ከእናታቸው ጎን ያሳርፍልን።

ይህን ያህል አመስግነናቸው ዝም ብንል ደግሞ ወይዘሮ ዛምቤታ ይቆጡናል። እስቲ ወደ ሳጥናቸው ዞር በሉና ሁላችሁም በሉ፦ ፍቱ፣ ፍቱ፣ ፍቱ! አይዟችሁ፣ ዛሬ ሌንስ የለም።