ከበር ላይ የተነሳው አግዳሚ

በእኛ ጊዜ ልጅ ሽማግሌን ከሩቅ ካየ መንገድ ይለቃል። ዳር ይዞ ይቆማል፣ ጉልበት ይስማል፣ ተመርቆ ያልፋል። እኔም ልጄን ሰይድን እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግኩት፣ እና ኋላ ጉድ የሠራን ይኸው ነው፣ ስሙኝማ።

ሰይድ በጦርነቱ እግሩን ተመታና ሐኪሞቹ ለሕመሙ ብለው የማስታገሻ መርፌ ጀመሩለት። ታዲያ እግሩ ዳነ፣ መርፌው ግን አልለቀቀውም፣ እና ሥራው እየገዛ ራሱን መውጋት ሆነ። ስፈልገው ውርጌሳ ከተማ ነው፣ ስፈልገው ግራና ነው፣ ለምኜ አመጣዋለሁ፣ ነገ ደግሞ የለም። ደከመኝ ልጆቼ፣ ወላሂ ደከመኝ። ኋላ ክንዱ አበጠ፣ መግል ቋጠረ፣ እጁን ሊያጣ ነው አልኩ።

ያን ጊዜ እዚሁ መርሳ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ብለው ቁስላቸው የሚታከምበት አንድ ክፍል ከፈቱ። ታዲያ ባለቤቴ ሼህ እንድሪስ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተመካከሩና አግዳሚ አስመጥተው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። «የሚገባውን ልጅ ሁሉ መርቀን እናስገባዋለን፣ ያለ ዱዓ መድኃኒት ምን ይሠራል» ይላሉ። በቅንነት ነው እኮ። ታዲያ ማን ገባ? አንድም ልጅ ዝር አላለም።

የክፍሉ ነርስ፣ ሲስተሯ፣ ብቻዋን ስትውል ጊዜ «እማማ፣ ለምንድን ነው የማይመጡት?» አለችኝ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሱን ጠይቂው» አልኳትና ቤቴ ይዣት ሄድኩ።

ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አጠገቡ ቁጭ አለችና «አንተ ብትሆን ያንን ክፍል እንዴት ታደርገው ነበር?» አለችው። እንዲያ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፣ እኔም እናቱ ጠይቄው አላውቅም።

«መጀመሪያ አባዬን ከበሩ አንሱልን» አላት። «እንዲህ ሆኜ ጉልበታቸውን ልስም? ሲመርቁኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ጓደኞቼም እንደኔው ናቸው።»

ሲስተሯም እጁን ይዛ ወሰደችው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አቆመችው፣ እና ያንኑ ደገመው። ሼህ እንድሪስ ተቆጡ። «ደግሞ ሱሰኛ ሊመክረን ነው?»

«ክፍሉ የተከፈተው ለእሱ ነው አባባ፣ ለእርስዎ አይደለም» አለቻቸው።

ሰይድ እጅጌውን ሰበሰበው። አባቱ ያንን ክንድ አይተውት አያውቁም፣ ተሸፍኖ ነበር የሚኖረው። አዩት፣ አዩትና ተነሱ፣ አግዳሚውን በአንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙት።

ገብቶ ታከመና እጁ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። መርፌውን ተወ ወይ ብትሉኝ አልተወም፣ አልዋሻችሁም። ግን ጓደኞቹን ይዞ ይሄዳል፣ ከሲስተሯ ጋር ቁጭ ብለው በዚህ ሰዓት ይከፈት፣ በዚያ በር እንግባ ይላሉ፣ እሷም ትሰማቸዋለች።

ትናንት ከገበያ ስንመለስ ሰይድ ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጣ ከሩቅ አየነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲለቀቅላቸው የኖሩት ሼህ እንድሪስ፣ ክንዴን ያዙና ወደ አጥሩ ጥግ ሳቡኝ።

«ምን ሆኑ?» ብላቸው፣

«ዝም በይ፣ ካየኝ ይመለሳል» አሉኝ።

እና ቆምን፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ልጃችን እስኪያልፍ። ካለፈ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ከጀርባው መረቁት፣ ቀስ ብለው፣ እንዳይሰማ።