ከዓይን የተደበቀችው ላም

መካኒሳ አቦ ከታክሲ ወርጄ ከሄርሜላ ጋር ወደ ሰፈራችን ሳዘግም ጎረቤታችንን ጋሼ መኩሪያን አገኘናቸው። በጋቢያቸው ሥር ጆንያ ደብቀዋል። ሄርሜላ የወይዘሮ ማሚቴ ልጅ ናት፤ የከብት ሕክምና ተምራ በቅርቡ ተመርቃለች። እጅ ነሥታ ሰላም ብትላቸው ፊታቸውን አዞሩባት። እናቷ አንድ ቀን «የዚች ላም ወተት አያልቅም እንዴ» ብላ አድንቃ ነበርና፣ የጋሼ ላም ዳልቻ ስትታመም በዓይኗ በላቻት ተብሏል። የማሚቴ ዓይን የሚጥል ቢሆን ኖሮ የኔ የዘመመ አጥር ቀድሞ በወደቀ ነበር።

«ዳልቻን ነገ ለሥጋ ነጋዴ እሰጣታለሁ» አሉኝ። «ማን እንደበላት አገር ይወቅ።»

ዳልቻ ከታረደች የማሚቴም ስም አብሮ መታረዱ ነው። ስለዚህ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ ላሟን እንድናያት አስፈቀድኩ።

የበረቱ መስኮት በቆርቆሮ ተደፍኗል። በሩ ሲከፈት የሆመጠጠ ሽታ ተቀበለን። ዳልቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ከዚያ በቀር ድምፅ የለም። ላም ያለበት ቤት እንዲህ ጭጭ ብሎ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

«ግድግዳው ውስጥ የሚታያት ነገር አለ» አሉ ጋሼ መኩሪያ በሹክሹክታ። «ማመስኳት ትታለች። ኮርማ መፈለግም ትታለች። ጸበል ብረጭም አልሆነም።»

ሄርሜላ በላሟ ግራ ጎን ላይ ጆሮዋን አሳረፈች፤ እኔንም ጠራችኝ። ሰው በለቀቀው ቤት በር ላይ ጆሮ እንደ መጣል ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ትበላለች?»

«የዳቦ ቤት ትራፊና አተላ። የምትወደውን አልከለከልኳትም።»

«ድርቆሽስ?»

«ድርቆሽ መንገድ ላይ ሲራገፍ ሰው ያያል። ከዓይን ልሰውራት ብዬ ተውኩት። ዳቦው በጋቢ ሥር ይገባል።»

«ማመስኳት የተወችው ከመደበቋ በፊት ነው በኋላ?»

ሽማግሌው ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ።

«በኋላ» አሉ።

«የላም ሆድ እንደ ጋን ነው፤ ድርቆሹን የሚያብላሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉበት። ዳቦ ብቻ ሲገባ ጋኑ ከልክ በላይ ይሆመጥጣል፣ እነሱም ያልቃሉ። ከምግቡ የሚገኘው ኃይል በደም ዞሮ ለአንጎል ‹ዘመኑ ጥጋብ ነው› የሚል ወሬ ያደርሳል። ወሬው ሲቋረጥ አንጎል ኮርማ እንድትፈልግ የሚያደርጋትን ሆርሞን ይቀንሳል።»

«ሆርሞን ደግሞ ምንድን ነው?»

«በደም የሚሄድ መልእክተኛ ነው ጋሼ። ግድግዳው ውስጥ ማንም የለም፤ ሆዷን አሟት ነው።»

«ብትሞትብኝስ?»

«ነገ ሊያሳርዷት አልነበር?»

ሳይወዱ ሳቁ።

ሄርሜላ ሆምጣጣውን የሚያበርድ መድኃኒት አጠጣቻት። ዳቦው ቀረ፤ ቆርቆሮው ተነሣ፤ ድርቆሹ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈር እያየ ተራገፈ። ከቀናት በኋላ ጆሮዬን በጎኗ ላይ ባሳርፍ ሆዷ ከጥልቅ ቦታ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ አጉረመረመ፤ ጸጉሬ ቆመ። ከወራት በኋላም ኮርማ ፈልጋ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። ድርቆሽ የቀደመላት ላም ታመሰኳለች፣ ትታለባለች፣ በጊዜዋም ትወልዳለች፤ ይህን ያወቀ ሰው ለሆድ ሕመም ጎረቤቱን አይከስም።

ዳልቻ ኮርማ ፈልጋ በጮኸችበት ዕለት ጋሼ መኩሪያ ወደ ማሚቴ ደጃፍ ሄዱ። በጋቢያቸው ሥር ምንም አልነበረም።

«ማሚቴ፣ ዳልቻ ድናለች። ነይና እያት።»

«ይቅርብኝ ጋሼ፤ ባላያት ይሻላል» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ነይ፣ ደህና አድርገሽ እያት።»

በረቱን ራሳቸው ከፈቱላት። ማሚቴ ቀና ብላ ላሟን አየቻት፤ ዳልቻም እያመሰኳች መልሳ አየቻት።