ሂሳብ ዝቅ፣ አማርኛ ከፍ

— ሄሎ... ሄሎ? አዎ፣ ናዝሬት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ። ... እኔው ነኝ፣ ሸዋወርቅ። ... አገናኚኝ፣ እህቴ፣ አገናኚኝ።

— ሐዲስ? ... ምነው፣ በደህና ነው? ተላላኪያችን ኦቦ ፈዬራ «ወንድምሽ ከአዲስ አበባ ደወለ» ሲሉኝ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ከክፍል ሮጬ ነው የመጣሁት። ... እንዴት አልደነግጥ? ሰንበታ ከዘመተ ስምንት ወሩ፣ አንድ ደብዳቤ የለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር የልጄን መርዶ የሚነግሩኝ ይመስለኛል። ... ሎሚስ፣ ልጄ? ... አንተ ቢሮ ናት? ... እሺ፣ ምሳ ልትበላ ከመጣች ደህና።

— የምሥራች? በል ንገረኝ እንጂ! ... የሎሚ ነጥብ ሊጨምር ነው? ጎሽ! ምን አድርጋ? ... አንተ ነህ ያስተካከልከው? ምኑን?

— ቆይ... ቆይ፣ ቀስ በል። ሂሳብን ከከፍተኛው ደረጃ አውጥተህ... ዝቅተኛው ላይ...

— አንተ! አብደሃል?

— አልጮህኩም! ... ጮህኩ! እጮሃለሁ! ... ይቅርታ፣ አቶ ደገፋ፣ ወንድሜ ነው። ... የለም፣ የሞተ ሰው የለም። ገና ነው።

— አማርኛን ምን? ... በሂሳብ ፋንታ አማርኛን ከፍ አደረግህ? ... «ሂሳብ አራት ነው የምታመጣው፣ አማርኛ ግን ሰባት ከሰባት ትደፍናለች»። አይ ጎበዝ! ... ስማኝ፣ ይሄ ማትሪክ አይደለም! ማትሪክ ላይ ነው የተሻሉትን አምስት ለቅመህ የምትደምረው። የእነሎሚ የፈረንጅ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ስድስት ትምህርት ነው፤ ሦስቱ ከፍተኛ፣ ሦስቱ ዝቅተኛ፣ እያንዳንዱ ከሰባት ይታረማል። ... ድምሩማ ይጨምር ይሆናል! እኔን ድምር ልታስተምረኝ ነው? ሃያ ዓመት ሙሉ ሂሳብ ያስተማርኩትን?

— ድምሩ ምን ያደርግልኛል! የስዊድኑ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ምን ይላል? አንተው አይደለህ ያነበብክልኝ? ... በለው! «ለምህንድስና ሂሳብና ፊዚክስ፣ ሁለቱም በከፍተኛው ደረጃ፣ ከአራት ያላነሰ»። አራት ይበቃናል ብለው ጽፈዋል፣ ሐዲስ! አራት አላት! በዝቅተኛው ሰባት ብታመጣ ዞር ብለው አያዩዋትም።

— መቶኛ አወጣህለት? ... ሃምሳ ሰባት ከመቶ... እና ደካማ መስሎህ አፈርክ። የዚያን ሂሳብ ደብተሯን ባለፈው ለፋሲካ ስትመጣ ገልጬ አየሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። እዚያ ላይ አራት ያመጣች ልጅ ነው አንተ የምታፍርባት!

— አማርኛውስ ቢሆን ሰባት እንደሚሰጧት በምን አወቅህ? ... አፏን የፈታችበት ስለሆነ? አየህ፣ ፈተናው ታሽጎ ውጭ አገር ሄዶ ነው የሚታረመው፤ የሰፈር ሰው አይደለም የሚያርማት። ከፍተኛው ላይ የሚጠየቁት መጻሕፍት እጥፍ ናቸው። ሌሎቹ አምና የጀመሩትን እሷ በስንት ወር ልትጨርስ ነው? ... እትዬ አትበለኝ! እትዬ ብትለኝ አልበርድም!

— ደግሞስ ማን ፈቀደልህ? ወላጅ ሳይፈርም ደረጃ አይለወጥም። ያቺ ፈረንጇ አማካሪ ራሷ ነግራኛለች። ... እኔ ነኝ የፈረምኩት? የት ነው የፈረምኩት? መቼ?

— ባዶው ወረቀት።

— አዎ... አስታወስኩ። ከግርጌው ፈርሜ የሰጠሁህ፣ ሦስቱ። ... ለትናንሽ ነገር እኮ ነበር! ስታማት፣ ሽርሽር ሲወስዷቸው፣ እንዲህ ላለው። ለአንድ ፊርማ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለምኜ፣ ከዳይሬክተሩ ከአቶ ደገፋ ፈቃድ ለምኜ፣ አዲስ አበባ ልመላለስ? ብዬ። ... እና አንተ ከፊርማዬ በላይ ይሄን ጻፍክበት? ... ዝም በል! ... አይ እኔ! ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ወረቀት ቢሰጠኝ ጆሮውን የምቆነጥጥ ሴትዮ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሜ ልስጥ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ... አንተም ነህ! አንተ አልቀረህም!

— አቶ ደገፋ፣ የውይይት ክበቡ መጀመሩን አውቃለሁ። ... ይጀምሩ። ... ይመዝግቡኛ! ዘገየች ብለው ይመዝግቡኝ!

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? የተፈታኞቹ ዝርዝር ወደ ውጭ የሚላከው መቼ ነው? ... ነገ ጠዋት! ... ዛሬ የትምህርት ቤቷ ቢሮ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው፣ አሁን ተነሥ። የተረፈ ወረቀት አለህ አይደል? ... አንዱ ይበቃል። «በስሕተት ነው፣ ሂሳብም አማርኛም ወደነበሩበት ይመለሱ» ብለህ ጻፍበት። ... አለቃህን እህቴ ሞተች በለው፣ ውሸት አይሆንብህም!

— «የመውጫ ቪዛ ማን ይሰጣታል» ነው ያልከው? እሱን ሲደርስ እንጣላበታለን። ... ምን? ... «እሷ እሺ አትልም» ማለት ምን ማለት ነው? ... ሐሳቡ ያንተ ካልሆነ የማን ነው? ... ሐዲስ፣ አትንተባተብ። ... ሎሚ ራሷ ናት ጻፍልኝ ያለችህ?

— ስጣት። ... አልቆጣትም። ... እቆጣታለሁ! ስጣት!

— ሎሚ። ... ደህና አይደለሁም። ሂሳቡ ከብዶሽ ነው? ... አልከበደሽም። ታዲያ? ... ንገሪኝ ልጄ፣ ስልክ ነው፣ ፊትሽ አይታየኝም። ... ጮክ በይ።

— እኔ? እኔ ምን ሆንኩ?

— ብቻዬን እቀራለሁ ያለሽ ማን ነው? ... አባትሽ፣ አዎ፣ የለም። ... ሰንበታም፣ አዎ፣ አልጻፈም። ... እና ስዊድኖቹ ደረጃሽ አይበቃም ብለው እንዲመልሱሽ ነው? ለዚህ ነው አጎትሽን ነጥብ ነጥብ እያልሽ ያሞኘሽው? ... ቀርተሽ ምን ልታደርጊልኝ? ልትደግፊኝ? የምወድቅ አጥር ነኝ እኔ?

— ኦቦ ፈዬራ፣ ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በሩን ይዝጉልኝ።

— አታልቅሺ። ... አታልቅሺ አልኩሽ፣ ገና አልበረደልኝም! ስሚኝ። አባትሽ ለተራቡት እህል ጭኖ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀረ። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሴት ልጁን እስክትጨርስ እኔ አስተምራለሁ አለ። እዚያ ትምህርት ቤት ያለሽው በአባትሽ በጉደታ ነፍስ ነው፣ በሌላ አይደለም። እኔ እንዳላዝን ብለሽ ልትተዪው? ይሄው አዘንኩ! አሁን ነው ያዘንኩት!

— አዎ። ብቻዬን እሆናለሁ። ... አልዋሽሽም፣ እፈራለሁም። ቤቱ ይሰፋብኛል፤ ምግብም ለአንድ ሰው መሥራት አላውቅበትም። ግን እሱ የእኔ ነው፣ ሎሚ። የአንቺ የቤት ሥራ አይደለም። አንቺ ብትቀሪ ሰንበታ አይጻፍም፣ አባትሽም አይነሣም። እኔ ብቻ በየቀኑ ሳይሽ፣ በእኔ ምክንያት የቀረ ሰው አያለሁ። ይሄን ልታሸክሚኝ ነው?

— ... እኮ።

— አሁን ከአጎትሽ ጋር ትሄጃለሽ። የተረፈውን ወረቀት ሌላ ሰው እንዳይጽፈው፣ አንቺው በእጅሽ ጻፊው። ... እሺ በይኝ። ... አልሰማሁም። ... ኦፕሬተር፣ እባክሽ አትቁረጪብኝ፣ እየጨረስኩ ነው! ... ሎሚ? ... ድገሚው። ... ጎሽ። ጎሽ፣ ልጄ።

— በይ ዝጊ። ... ታክሲ ያዙ፣ በእግር እንዳትሄዱ። ዝጊ። ... አልዘጋሽም እንዴ? ትንፋሽሽ ይሰማኛል እኮ። ... ሎሚ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ዝጊው። ... አቃተሽ?

— እሺ። ተይው። እኔ እዘጋዋለሁ።